ያለ ጥፋቱ የሚወቀሰው ኦይል ፓን

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ውስጥ ለብዙ ኢትዮጵያውያን መኪና የእንጀራ ገመድ ነው። ታክሲውም፣ ኡበሩም፣ ዕቃ ማድረሱም ያለ እሱ አይሆንም። የአፓርትመንቱ ፓርኪንግ ላይ ጥቁር ጠብታ የታየ ቀን ታዲያ ፍርዱ ወዲያው ይሰጣል፤ «ኦይል ፓኑ ያፈሳል» ይባላል። አዲስ ኦይል ፓን ይገዛል፣ ቅዳሜው በሙሉ መኪና ሥር ያልቃል። በሳምንቱ ጠብታው እዚያው ቦታ ላይ ይገኛል።

ኦይል ፓን ከሞተሩ ሥር በቡሎን የታሰረ የዘይት መያዣ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ እዚያ ይጠራቀማል፤ ሲነሳ ፓምፑ በወንፊት እየሳበ ወደ ላይ ይልከዋል። በ1.8 ሊትሩ ቶዮታ ኮሮላ 4 ሊትር አካባቢ ዘይት ይገባል።

ይህ ዕቃ የሚወቀሰው ዝቅተኛው ቦታ ላይ ስለተቀመጠ ነው። ከላይ የፈሰሰ ዘይት ሁሉ በሞተሩ ጎን ወርዶ መጨረሻ የሚንጠባጠበው ከእሱ ጠርዝ ነው። መኪናው ሲሄድ ደግሞ ከፊት የሚገባው ነፋስ ዘይቱን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ስለዚህ የረጠበው ቦታና ያፈሰሰው ቦታ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። የቫልቭ ክዳኑ ጋስኬት በሙቀት ብዛት ደርቆ ሊሆን ይችላል። የዘይት ግፊት የሚለካው ሴንሰር ሊሆን ይችላል። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው የዘይት መያዣ ጎማም ከታች ሲያዩት ኦይል ፓኑ ያፈሰሰ ያስመስላል። ፊልትሮ ሲቀየርም አንዳንዴ የአሮጌው ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀርና አዲሱ በላዩ ላይ ይታሰራል፤ ሁለት ጎማ ተደራርቦ ደግሞ ዘይት አይዝም።

ከሁሉም ርካሹ ጥፋተኛ የማፍሰሻው ቡሎን ሮንዴላ ነው። ሆንዳ ከኮሎምበስ ሰሜን ምዕራብ በምትገኘው ሜሪስቪል እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ መኪና ይሠራል፤ በከተማው ጎዳናዎችም አኮርድና ሲቪክ ሞልተዋል። የእነዚህ መኪኖች ሮንዴላ ሲታሰር እየተጨፈለቀ ክፍተቱን የሚደፍን ለስላሳ ብረት ነው። አንዴ ከተጨፈለቀ ሥራውን ጨርሷል፤ ዘይት በተቀየረ ቁጥር እሱም መቀየር አለበት። ሳንቲም የሚያወጣውን ሮንዴላ ለመቆጠብ አሮጌውን መልሶ የሚያስር ሰው ኦይል ፓኑን ለመውቀስ ምንም መብት የለውም።

ስለዚህ ቁልፍ ከመነሳቱ በፊት መታጠብ ይቀድማል። የሞተሩ ሥርና ጎኑ በቅባት ማስለቀቂያ ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ፣ የሕፃን ፓውደር ይነፋበት። ጥቂት ከተነዳ በኋላ ዘይቱ ነጩ ላይ መንገዱን ራሱ ይጽፋል። ያ ካልበቃ ከዘይቱ ጋር የሚቀላቀል በአልትራቫዮሌት መብራት የሚያበራ ቀለም ከመለዋወጫ ሱቅ ይገኛል። ፍለጋው ከላይ ወደ ታች ይሁን፤ ከረጠበው ቦታ ሁሉ ከፍ ያለው ነው ጥፋተኛው።

ጥፋቱ የእውነት የኦይል ፓኑ የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ በኦሃዮ ደግሞ ምክንያቱ ጨው ነው። ግዛቲቱ የራሷ የጨው ማዕድን አላት፤ ክሊቭላንድ አጠገብ ከኢሪ ሐይቅ ሥር ከ500 ሜትር በላይ ጥልቀት ይቆፈራል። ክረምት ሲመጣ ጨው በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ይበተናል። የቀለጠው ጨዋማ ውሃ በጎማ እየተረጨ ስስ የብረት ኦይል ፓን ላይ ይለጠፋል፣ ቀለሙ በተፋቀበት በኩል ገብቶ ብረቱን ይበላል። ኮሎምበስ ባለችበት ፍራንክሊን ካውንቲ መደበኛ የመኪና ቴክኒክ ምርመራ ግዴታ ስላልሆነ ዝገቱን ቀድሞ የሚያይ የለም። የበረዶው ወራት ሲያልፉ የመኪናውን ሥር በውሃ ማስመታት ቀላል ሥራ ነው፤ ብዙዎች ግን የሚያሳጥቡት የሚታየውን ቀለም ብቻ ነው።

የተበላ ኦይል ፓን ይቀየራል እንጂ አይለጠፍም። መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ በስታንድ ይደገፍ፤ በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር ማንም መግባት የለበትም። ዘይቱ ይወርዳል፣ ቡሎኖቹ ይፈታሉ፣ የሚገጥመው ጠርዝ አሮጌ ሲሊኮን እስኪለቅ በጥንቃቄ ይጸዳል። አዲሱ ሲሊኮን በቀጭኑ ይቀባ። ብዙ የሚቀቡ ሰዎች ትርፉ ወደ ውስጥ እንደሚገባ ይረሳሉ፤ ተቆርጦ ሲወድቅ የፓምፑን ወንፊት ይደፍናል፣ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ይነክሳል። ጠብታ ለማቆም ሲሉ ሞተር መግደል ማለት ይህ ነው።

ቡሎኖቹንም በጉልበት ማሰር አያስፈልግም። ብዙዎቹ ትንንሽ የኦይል ፓን ቡሎኖች የሚፈልጉት 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ የኮሮላ የጎማ ቡሎን 103 ይፈልጋል። ከልኩ ያለፈ ማጥበቅ ጠርዙን ያጣምማል፣ አሉሚኒየም ከሆነም ጥርሱን ይበላል፤ ያኔ የባሰ ያፈሳል። ከመሃል ወደ ዳር እያፈራረቁ፣ በቶርክ ሬንች ማሰር ነው። ሲሊኮኑ እንዲደርቅ በቱቦው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ሳይጠብቁ ዘይት መሙላት ሥራውን ሁሉ ያበላሻል።

አንዳንድ መኪና ላይ ኦይል ፓኑን ለማውጣት ሞተሩን ማንሳት ወይም የፊቱን ተሸካሚ ብረት ማውረድ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ለጋራዥ ይተው።

በትክክል ታስሮም ተመልሶ የሚያፈስ ከሆነ ፒሲቪ ቫልቩ ይታይ። እሱ ሲደፈን በሞተሩ ውስጥ የታመቀው ጋዝ መውጫ ያጣና ዘይቱን በደካማው ጋስኬት በኩል ይገፋዋል።

የወረደው ዘይት የመንገድ ዳር የዝናብ መውረጃ ውስጥ እንዳይደፋ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሳይጣሩ ወደ ሳዮቶና ኦለንታንጂ ወንዞች ይገባሉ። እንደ አውቶዞን ያሉ የመለዋወጫ ሱቆች ያገለገለ የሞተር ዘይት በነፃ ይቀበላሉ፤ ውሃ ወይም የራዲያተር ፈሳሽ የተቀላቀለበትን ግን ይመልሱታል።