የካይሮ አረንጓዴ ኮረብታና ጎረቤቶቹ

የሕዝብ ብዛትና የሕንጻ ጥግግት በበረታባት ካይሮ፣ ሰዎች ከቤታቸው ወጥተው ከሌሎች ጋር ያለ ጥድፊያ የሚቀመጡበት ስፍራ ከጌጥነት ያለፈ ዋጋ አለው። ከጥንታዊቷ የፋቲማውያን ከተማ በስተምሥራቅ የሚገኘው የአል-አዝሃር መናፈሻ ለዚህ ሁነኛ ማሳያ ነው።

መናፈሻው ያረፈበት 30 ሄክታር ያህል መሬት ለ500 ዓመታት ገደማ የከተማዋ ፍርስራሽና ጥራጊ ሲደፋበት የኖረ ጉብታ ነበር። አጋ ካን አራተኛ ለካይሮ ነዋሪዎች መናፈሻ የማበርከት ሐሳባቸውን ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ሆኖም በስፍራው ሦስት ግዙፍ የውኃ ማጠራቀሚያዎች እንዲሠሩ በመወሰኑ፣ እነርሱን ከመናፈሻው ንድፍ ጋር ማዋሐድ አስፈለገ። 1.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚሆን ፍርስራሽና አፈር ከተንቀሳቀሰ በኋላ መናፈሻው እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ ተከፈተ።

ሥራው የተቀበረ ታሪክም ገልጧል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን፣ በሰላሃዲን ዘመን መገንባት ከጀመረው የከተማዋ ግንብ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህሉ ከፍርስራሹ ሥር ወጣ። ከግንቡ ወዲያ ጥንታዊ መስጊዶችና የእጅ ባለሙያዎች የሚገኙበት፣ ብዙ ቤቶቹ ያረጁበት የደርብ አል-አህማር ሠፈር አለ። ዋናው ጥያቄ የተነሣው በዚህ ነበር፤ መናፈሻው ሲያምር ጎረቤቶቹ ምን ይሆናሉ? ቀደም ሲል በነበረው የከተማ ዕቅድ ግንቡን ተደግፈው የቆሙ ቤቶች እንዲነሡ ታስቦ ነበር።

የአጋ ካን የባህል ድርጅት የመረጠው መንገድ ግን ነዋሪዎቹ ባሉበት እንዲቆዩ ማገዝ ነው። ቤቶች ታደሱ፤ አነስተኛ ብድር ተሰጠ፤ የሠፈሩ ወጣቶች የድንጋይ ጠረባና የአናጢነት ሙያ ተምረው በግንቡ ጥገና ተሰማሩ። በገዛ እጁ የጠገነውን ግንብ የሚያይ ወጣት መናፈሻውን እንደ ባዕድ ንብረት ሊያየው አይችልም።

ተመሳሳይ ሐሳብ ቀደም ብሎ በሰይዳ ዘይነብ ሠፈር ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1990 የተጠናቀቀው የሕፃናት የባህል መናፈሻ፣ በግብፃዊው የሥነ ሕንጻ ባለሙያ አብደልሀሊም ኢብራሂም አብደልሀሊም ሲነደፍ የአካባቢው ሰዎች በሂደቱ ተካፍለዋል። አጥሩም ለመከለል ብቻ አልተሠራም፤ በመንገዱ በኩል ቡና ቤትና ሱቆች እንዲይዝ ተደርጓል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1992 የአጋ ካን የሥነ ሕንጻ ሽልማትን አግኝቷል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ፈተናው አልቀረም። የአል-አዝሃር መናፈሻ መግቢያ በክፍያ ነው፤ ዋናው በሩም የሚገኘው በሠፈሩ በኩል ሳይሆን መኪና በሚበዛበት የሰላህ ሳሌም ጎዳና ነው። ብዙ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ትንሽ የሚመስል ክፍያ እንኳ ተደምሮ ሊከብድ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2020 የእንጦጦና የወዳጅነት መናፈሻዎች የተከፈቱባት አዲስ አበባም ከዚህ ተሞክሮ የምትማረው አለ። ለቡና መጠራራትን የሚያውቅ ሕዝብ፣ ጉርብትናን የሚያጸናው መመላለስ መሆኑን አይስተውም። መናፈሻም እንዲሁ ነው፤ ሰውን ከሰው የሚያገናኘው ጎረቤቱ ድርሻ ሲኖረውና ደጁ ሳይከብደው ሲመላለስበት ነው።