ሜሮን የምርቃት በዓል አይደለም

ሸዋ በር ገበያ ዕጣን የምገዛቸው እናት የወንድሜ ልጅ ሜሮን ሊቀባ መሆኑን ስነግራቸው «ውይ! እስከ ዛሬ አልተጠመቀም እንዴ?» አሉኝ። እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፤ እኛ ካቶሊኮች ነን። በእሳቸው ቤት ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ትጠመቅና ያኔውኑ ሠላሳ ስድስት የሰውነት ክፍል ሜሮን ይቀባል። ጢም ሊያበቅል የደረሰ ጎረምሳ ምን ቀርቶት ነው ታዲያ? ሐረር ውስጥ ብዙ ሰው የሚጠይቀን ስለሆነ እዚህ ላስፍረው።

ምሥጢሩ አንድ ነው፤ የሚለየው ጊዜው ነው። በግዕዝ ሥርዓት ለሚጠመቁ ካቶሊኮችም ሜሮን ከጥምቀት ጋር ይሰጣል። ሐረር ግን በላቲን ሥርዓት የምትተዳደር ሐዋርያዊ ቪካሪያት ናት። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ሜሮንን ከጳጳስ እጅ እንዲሆን አቆየችው፤ ጳጳስ ደግሞ በየክርስትናው አይደርስም፤ ስለዚህ ልጁ አድጎና ተምሮ ይቀበላል። መነሻው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ነው። የሰማርያን ሰዎች ያጠመቃቸው ፊልጶስ ነበር፤ መንፈስ ቅዱስን የተቀበሉት ግን ጴጥሮስና ዮሐንስ ወርደው እጃቸውን ሲጭኑባቸው ነው። (የእኛው ጃንደረባ ታሪክ ያለውም እዚያው ምዕራፍ ላይ ነው። እሱ ማንንም ሳይጠብቅ ደስ ብሎት መንገዱን ቀጠለ!)

ሥርዓቱ አጭር ነው። ክርስትና አባቱ ቀኝ እጁን ትከሻው ላይ ያሳርፋል፤ ጳጳሱ አውራ ጣታቸውን ሜሮን ነክረው ግንባሩ ላይ በመስቀል ምልክት ይቀቡታል፣ በስሙ ጠርተውም የመንፈስ ቅዱስ ስጦታ ማኅተም እንዲቀበል ይነግሩታል። ሜሮኑ የወይራ ዘይትና በለሳን ነው፤ ተጠግቶ የሳመው ሰው ሽታውን አይስተውም። ቀድሞ ጳጳሱ ጉንጩንም መታ ያደርጉት ነበር፤ ለክርስቶስ መከራ መቀበልን እንዲለምድ ነው ይባላል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1971 ሥርዓቱን ሲያድሱ ዛሬ የምንሰማውን ቃል የወሰዱት ከምሥራቁ፣ ከቢዛንታይን ሥርዓት ነው። ዕጣን ሻጯ ይህን ቢሰሙ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

ታዲያ ምን ይለወጣል? በጥምቀት የተሰጠው ጸጋ ይጠነክራል፤ ኢሳይያስ ምዕራፍ 11 ላይ የምናነባቸው የመንፈስ ቅዱስ ስጦታዎች ይበዙለታል፤ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ያለው ትስስር ይጠብቃል። ነፍስ ላይ የሚታተመው ማኅተም ደግሞ አይፋቅም፣ እንደ ቀበሌ መታወቂያም አይታደስም። ሰውዬው ሃያ ዓመት ቤተ ክርስቲያን ረስቶ ቢመለስ ንስሐ ይገባል እንጂ ሁለተኛ አይቀባም።

እኔን የሚያናድደኝ «አሁን አዋቂ ሆንክ» የሚለው ንግግር ነው። ኬክ፣ ፎቶ፣ ሱፍ፣ ከዚያ ልጁ ትምህርቱን የጨረሰ ይመስለዋል። ሜሮን ልጁ ለእግዚአብሔር የሚፈርምለት ውል አይደለም፤ የሚያትመው እግዚአብሔር ነው። ዕለቱን ምንም ስሜት ባይሰማውም ተቀብሏል።

የሚቀበለው ኃይል ዋናው ሥራ መመስከር ነው። መመስከር ሲባል ሜጋፎን ይዞ አደባባይ መውጣት የሚመስለው አለ። ሐረር ላይ ሌላ መልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1900 ጳጳስ የሆኑትን ካፑቺኑን አባ እንድርያስ ዣሮሶን አስቡ። ፈረንሳዊ ናቸው፤ ሕዝቡ በብዛት ሙስሊምና ኦርቶዶክስ በሆነበት አገር ከሃምሳ ዓመት በላይ ኖረዋል፤ ልጅ ተፈሪን አስተምረዋል። ሚሲዮናቸው ደግሞ ሰው የሚሸሻቸውን የሥጋ ደዌ ሕሙማን ይንከባከብ ነበር። የዚያን ዘመን የሐረር ካቶሊክ ከጳጳስ እጅ ሜሮን ሲቀባ የሚቀቡት እሳቸው ነበሩ። ለወንድሜ ልጅም የምለው ይህንኑ ነው፦ ጎረቤት ሲያዝን ድንኳኑ ውስጥ ተገኝ፣ ሲሳለቁብህ አትሳደብ፣ ማን እንደሆንክ ሲጠይቁህ አትደብቅ።

በውስጥ መስመር «በጠና የታመመ ሕፃን አለን፣ ዕድሜው አልደረሰም፣ ጳጳሱም የሉም» ብላችሁ ለጻፋችሁልኝ፦ ሞት ካሰጋ ማንኛውም ካህን ሜሮን መቀባት ይችላል፣ ለሕፃንም ቢሆን። ትምህርቱን እስኪጨርስ የሚባል ነገር የለም። ዛሬውኑ ለቁምስናችሁ ካህን ደውሉ።