ጽድ ወይስ ዋንዛ?
ለቅጽረ ቤተ ክርስቲያንና ለካህናት መኖሪያ የሚሆን ዛፍ አመራረጥ

ሐምሌ በገባ ቁጥር በብዙ አጥቢያዎች ችግኝ ይተከላል። ሰበካ ጉባኤው ይመክራል፣ ምእመናን ይጠራሉ፣ ጉድጓድ ይቆፈራል። «ምን እንትከል? የትስ እንትከል?» የሚለው ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው በዚያ ሳምንት ከችግኝ ጣቢያ በተገኘው ችግኝና ባዶ ሆኖ በታየው ቦታ ነው። ዛፍ ከተከሉት ሰዎች ዕድሜ በላይ ይቆማል። ቦታው ሳይታሰብበት የተተከለ ዛፍ ከሃያ ዓመት በኋላ አዳራሹን ሲያጨልም ወይም በጣራ ላይ ሲያዘነብል የሚቀረው ምርጫ መቁረጥ ብቻ ይሆናል። በቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ዛፍ መቁረጥ ደግሞ ለማንም ቀላል እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

በዚህ ጽሑፍ ሁለት አገር በቀል ዛፎችን እናነጻጽራለን። አንደኛው ዓመቱን ሙሉ ለምለም ሆኖ የሚኖረው የሐበሻ ጽድ ነው። ሁለተኛው በበጋ ቅጠሉን የሚያረግፈው ዋንዛ ነው። ሁለቱም ለቤተ ክርስቲያናችን የቅርብ ወዳጆች ናቸው። ጽድ ምስጥን ስለሚቋቋም ለምሰሶና ለጣራ ሲያገለግል ኖሯል። ከዋንዛ ደግሞ በርና መስኮት፣ ወንበርና ከበሮ ይሠራል። የሚለያዩት በሚሰጡት ጥላና ጥላውን በሚሰጡበት ወራት ነው።

ቅጠል ለምን ይረግፋል?

ዛፍ በሥሩ የሳበውን ውኃ በቅጠሉ ላይ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አማካይነት ወደ አየር ያወጣል። ዝናብ ርቆ አፈሩ ሲደርቅ ሰፊ ቅጠል ያለው ዛፍ የሚያወጣው ውኃ ከሚያገኘው ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ዋንዛ ውኃውን ለመቆጠብ ቅጠሉን ይጥላል፤ ርጥበት ሲመለስም እንደ ገና ያቆጠቁጣል። የጽድ ቅጠል ግን እንደ ቅርፊት የተነባበረ፣ እጅግ ጠባብና ጠንካራ በመሆኑ የሚያባክነው ውኃ ጥቂት ነው። በዚህም ምክንያት በጋውን ቅጠሉን እንደ ለበሰ ያሳልፋል።

ይህ ማለት ጽድ ከቶ ቅጠል አይጥልም ማለት አይደለም። አሮጌውን ቅጠል ዓመቱን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚጥል ልብ አንለውም እንጂ ከሥሩ የተከማቸው ደረቅ ቅጠል ምስክር ነው።

የሌላ አገር ምክር በእኛ አገር

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ስለ ቤት ዙሪያ አተካከል የሚሰጠው የተለመደ ምክር ቅጠል የሚያረግፈው ዛፍ በቤቱ ደቡብ ወይም ምዕራብ በኩል እንዲተከል ያሳስባል። በዚያ ዛፎች ቅጠላቸውን የሚያረግፉት ብርዱ ሲመጣ ነው። በሙቀት ወራት ጥላ ይሰጣሉ፤ በብርድ ወራት ደግሞ ራቁታቸውን ቀርተው ፀሐይን ወደ ቤት ያስገባሉ። በእነዚያ አገሮች የሚኖሩ አጥቢያዎቻችን ይህን ምክር ቢከተሉ ይጠቀማሉ።

በኢትዮጵያ ግን ቅጠልን የሚያረግፈው በዋናነት ድርቀቱ ነው። ብዙ ጊዜም ድርቀቱ የሚበረታው ፀሐይዋ በምታይልበት ወቅት ነው። ስለዚህ ቅጠል የሚያረግፍ ዛፍ ጥላው ሊሳሳ የሚችለው ሰው ጥላ አብዝቶ በሚሻበት ጊዜ ይሆናል።

ይህ ለቤተ ክርስቲያን የተለየ ትርጉም አለው። የዐቢይ ጾም 55 ቀናት የሚውሉት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ነው። ከሰንበታት በቀር ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናትን የያዙ እናቶች ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ በቅጽሩ ውስጥ ረጅም ሰዓት ይቆያሉ። የአብነት ተማሪዎችም ከየኔታ ፊት ተቀምጠው የሚቀጽሉት ብዙ ጊዜ በዛፍ ሥር ነው። ለእነዚህ ሰዎች መቀመጫ ተብሎ የተተከለው ዛፍ ዋንዛ ብቻ ከሆነ፣ በመጋቢት ቀትር ከላያቸው የሚያገኙት ባዶ ቅርንጫፍ ሊሆን ይችላል።

ሁለቱን ስናነጻጽር

ከፍታ። ጽድ በአብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ባለው ደጋና ወይና ደጋ ይበቅላል። ዋንዛ ቆላውንና ወይና ደጋውን ይወዳል፤ ውርጭን ግን አይችልም። ከ2,600 ሜትር በላይ ላሉ አጥቢያዎች ዋንዛ አይመከርም። በደብረ ብርሃን አካባቢ ያለ አጥቢያ ጽድን፣ በባሕር ዳር ወይም በጅማ ዙሪያ ያለ አጥቢያ ዋንዛን ቢያስቀድም ከተፈጥሮ ጋር ይስማማል።

እድገትና መጠን። ጽድ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ በመጨረሻ ግን እስከ 40 ሜትር ሊደርስ ይችላል። በወጣትነቱ ቀጥ ያለና ሾጣጣ ስለሆነ ነፋስን ለመከላከል ያመቻል። ዋንዛ ከጽድ ፈጥኖ ያድጋል፤ ቅርንጫፉን በሰፊው ስለሚዘረጋ ከሥሩ ብዙ ሰው ያስቀምጣል።

አፈርና ንብ። የዋንዛ ሰፊ ቅጠል ቶሎ በስብሶ አፈሩን ያዳብራል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ የሚያወጣውን ነጭ አበባ ንቦች እጅግ ይወዱታል። ቀፎ ያላቸው ገዳማትና አጥቢያዎች ከማሩ በተጨማሪ ለጧፍ የሚሆን ሰም ያገኙበታል። በጽድ ሥር ግን ሣርና አታክልት እምብዛም አያምርም።

ጣራና እሳት። የዝናብ ውኃ ከቆርቆሮ ጣራ ለሚያጠራቅም ቤት ዋንዛን ማስጠጋት ጉዳት አለው፤ የረገፈው ቅጠል አሸንዳውን ይደፍናል። ጽድ በበኩሉ ሙጫ ያለው በመሆኑ እሳት ቶሎ ይይዘዋል። ስለዚህ ከወጥ ቤት፣ ከቤተልሔም፣ የጥናው ፍሕም ከሚነድበትና ከሣር ክዳን ጎጆ መራቅ አለበት።

የትኛው የት ይተከል?

ጥያቄው «ጽድ ወይስ ዋንዛ?» ከሚሆን ይልቅ «ለየትኛው ቦታ የትኛው?» ቢሆን ይሻላል።

በምዕራብ በኩል፤ ከቀትር በኋላ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስትዘነብል ጥላ ወደ ምሥራቅ ይወድቃል። ስለዚህ ምእመናን ከሚቀመጡበት ቦታ በስተ ምዕራብ ቅጠሉ የማይረግፍ ዛፍ ይተከል። ለዚህ ጽድ ያገለግላል። ቅርንጫፉ ክብ ሆኖ የሚዘረጋና እንደ ጽድ ዘወትር ለምለም የሆነው ወይራ ደግሞ ለመቀመጫ ጥላ ይበልጥ ይመቻል።

በምሥራቅና በደቡብ በኩል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ደጋው ይበርዳል፤ በእነዚህ ወራት ፀሐይ በደቡብ በኩል ታዘነብላለች። በካህናት መኖሪያና በአብነት ተማሪዎች ጎጆ ምሥራቅና ደቡብ ጽድን አጠጋግቶ መትከል ቤቱን ጨለማና እርጥብ ያደርገዋል። ይህ ወገን ክፍት ይቆይ፤ ወይም ከቤቱ ራቅ ተደርጎ ዋንዛ ይተከልበት።

በቅጽሩ ዳር፤ ነፋስ በሚመጣበት ወገን ጽድ በረድፍ ይተከል። አትክልት፣ ቡናና ቀፎ ባለበት በኩል ዋንዛ ይቅደም።

ሁለቱም ዛፎች ከሕንፃ ግድግዳ ቢያንስ 8 ሜትር፣ ቦታ ካለ ከዚያም በላይ ይራቁ። ችግኙ ዛሬ ከጉልበት ባይበልጥም ቦታው የሚለካው ነገ በሚሆነው ቁመት ነው።

ከችግኝ ጣቢያ ስትቀበሉ

«ጽድ» ተብሎ የሚታደለው ችግኝ ብዙ ጊዜ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው የፈረንጅ ጽድ ነው። ፈጥኖ ስለሚያድግ ለአጥርና ለጣውላ ይፈለጋል፤ ነገር ግን የአገራችንን ጽድ አይተካም። ልዩነቱ በፍሬው ይታወቃል፤ የሐበሻ ጽድ ፍሬ ሰማያዊ የመሰለ፣ ለስላሳና ትንሽ ነው። የፈረንጅ ጽድ ፍሬ ደግሞ እንጨት የሆነ ድቡልቡል ነው። ችግኙ ገና ፍሬ ስለማይኖረው ዘሩ ከየትኛው ዛፍ እንደ ተለቀመ መጠየቅ ይገባል። ከሁሉ የሚሻለው በአቅራቢያ ካለ ከጥንት ቤተ ክርስቲያን ደን ዘር መልቀም ነው። በሐበሻ ጽድ ዘንድ ወንዴውና ሴቴው በአብዛኛው በተለያዩ ዛፎች ላይ ስለሆኑ ፍሬ የሚገኘው ከሴቴው ነው። የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር እንደ ተተከለ ሲነገር ኖሯል፤ ዘርን ከታወቀ ደን ማምጣት ለአባቶቻችን አዲስ ነገር አልነበረም።

ከመትከል በፊትና በኋላ

ሰበካ ጉባኤው በመጋቢት አንድ ቀን፣ በቀትርና ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ቅጽሩን ይዙር። ምእመናን የት እንደሚቀመጡ፣ የትኛው ነባር ዛፍ ቅጠሉን እንዳረገፈና የትኛው እንደ ያዘ ይመዝግብ። የዋንዛ አረጋገፍ እንደ አፈሩ ርጥበት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ የራሳችሁ ዛፍ ያስተምራችኋል። በተመረጡት ቦታዎች ላይ ካስማ ይተከል፤ ጉድጓዱ ከክረምት በፊት ይቆፈር፤ ዝናቡ ሲደላደል ችግኙ ከፕላስቲክ ከረጢቱ ወጥቶ ይተከል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ከመትከሉ ይበልጣል። ከብትና ፍየል እንዳይደርስበት በእሾህ ይታጠር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ውኃ የሚያጠጣ ሰው በቃለ ጉባኤ ላይ በስሙ ይመደብ። ለሁሉም የተተወ ችግኝ ጠባቂ የለውምና።

በዚህ መልክ የተመረጠና የተጠበቀ ዛፍ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በዐቢይ ጾም ከሰዓት፣ ስማችንን ለማያውቁ አረጋውያን ጥላ ይሆናል።