ስለ ሲጋርና ስለ ሞጆ ፀሐይ

ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሞጆ ደረቅ ወደብ የኮንቴይነር ማኅተም በሚቈረጥበት ጊዜ ባለዕቃውና አስተላላፊው አስቀድመው የሚመለከቱት ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም ዕቃው አለመጉደሉና አለመሰበሩ ነው። ሁለቱም ደኅና ሆነው ከተገኙ ርክክቡ ይፈረማል፤ ሰውም ወደየጉዳዩ ይሄዳል። ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር አንድ የአዳማ የጉምሩክ አስተላላፊ እንዲሁ አይቶ ፈርሞ ነበር። ከዕቃው አንዱ ግን ደኅና አልነበረም፤ ይህንንም የተረዳው በመዝገብ ሳይሆን በገዛ ምላሱ ነው።

የዕቃው ባለቤት ብዙ ዘመን በውጭ አገር ኖረው የተመለሱ መሐንዲስ ናቸው። ከሶማሊያ ጋር በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከተደረገው ጦርነት በኋላ ለትምህርት ወደ ኩባ ከተላኩት በሺህ የሚቈጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች አንዱ ሲሆኑ፣ የወጣቶች ደሴት በተባለው ሥፍራ የቀኑን እኩሌታ በትምህርት፣ እኩሌታውን በብርቱካንና በመሰል ፍሬዎች እርሻ እየዋሉ አድገዋል። የሲጋርን ነገር ያወቁት ግን ከጐለመሱ በኋላ በፒናር ዴል ሪዮ ነው። ይህ አውራጃ በኩባ ምዕራብ ያለ ሲሆን ቩዌልታ አባሆ በተባለው መሬቱ የሚበቅለው ትንባሆ በዓለም የታወቀ ነው።

እኒህ ሰው ካመጡት የቤት ዕቃ መካከል 25 ሲጋር የያዘ አንድ የእንጨት ሣጥን ነበረ፤ በዝርዝሩ አስመዝግበው ቀረጡን ከፍለውበታል። ኮንቴይነሩ በግቢው ውስጥ አምስት ሳምንት ቆመ። መዘግየቱ የወደቡም የጉምሩኩም ጥፋት አልነበረም፤ አስተላላፊው ከዲክላራሲዮኑ ጋር መያያዝ የነበረበትን አንድ ወረቀት ሳያያይዝ በማቅረቡ ነው። ለባለዕቃው ግን «ጋሼ፣ ተራው በዝቶ ነው» ብሎ ነግሯቸው ነበር።

ዕቃው በተለቀቀ በሦስተኛው ቀን መሐንዲሱ ሊያመሰግኑት ወደ ቤታቸው ጠሩትና በረንዳ ላይ አስቀምጠው ከሣጥኑ አንድ ሲጋር አወጡለት። እርሱ ሲጋራ እንኳ ቀምሶ አያውቅም። ያደገው ትንባሆ እንደ ነውር በሚቈጠርበት ቤት ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆን በብርቱ መከልከላቸውን፣ ተክሉም ከአርዮስ ሆድ በቀለ የሚባለውን ተረት ከአያቱ ሰምቷል። በአርሲ በኩል ሽማግሌዎች ጋያ ሲስቡ ከማየት በቀር ከትንባሆ ጋር ትውውቅ አልነበረውም። የሆነ ሆኖ ያከበረውን ሰው እጅ መመለስ አልወደደም።

«ጭሱን ወደ ሳንባህ አትሳበው፤ እንደ ቡና በአፍህ አዙረህ አውጣው» አሉት። በጫፉ ያለውን ቆብ በስለት ቈረጡለት፤ የክብሪቱም ድኝ ነድዶ እስኪያልቅ ጠብቀው፣ እሳቱን ሳያስነኩ ሲጋሩን እያዟዟሩ ከአፉ አሞቁት። ይህን ያህል ጥንቃቄ ለአንድ ጥቅል ቅጠል መደረጉ ለአስተላላፊው የሚያስቅ ነገር መሰለው።

ሲጋሩ ገና በጣቱ ሲይዘው እንደ ደረቀ የሙዝ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። ሁለት ሦስት ጊዜ እንደ ሳበው ሽፋኑ በቁመቱ ተሰነጠቀ፤ እሳቱ በአንድ ወገን ሮጠ፤ ጭሱም ትኩስና መራራ ሆኖ ምላሱን ለበለበው። እርሱም ጥፋቱ የራሱ የጀማሪነት መስሎት አጥብቆ ይስብ ጀመር። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ግንባሩን ቀዝቃዛ ላብ አሰመጠው፤ ሆዱም ታወከ። የሲጋር ጭስ ወደ ሳንባ ባይወርድም ኒኮቲኑ በአፍ ሥጋ በኩል ወደ ደም ስለሚገባ፣ ምሳውን ያልበላና የሚቸኩል ጀማሪ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል። መሐንዲሱ የወንጂ ስኳር በውሃ በጥብጠው አጠጡትና ከእጁ ላይ ሲጋሩን ወስደው አገላብጠው ተመለከቱት። «አንተ ቸኩለሃል፤ እርሱ ግን ቀድሞ ሞቷል» አሉ።

ሲጋር ሦስት ክፍል አለው፤ በውስጥ መሙያው፣ እርሱን የሚያስረው ቅጠል፣ በላይም ስስ የሆነው ሽፋን ነው። ሦስቱም እንደ ሕያው ነገር እርጥበት ይስባሉ፣ ይሰጣሉ። የአየሩ እርጥበት ከ65 እስከ 72 በመቶ፣ ሙቀቱም 20 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ለዓመታት ይቀመጣሉ። በጅቡቲ የባሕር አየር ያበጠ ሲጋር በስምጥ ሸለቆው ደረቅ ነፋስ፣ ያውም ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በምታግለው ብረት ሣጥን ውስጥ ሲሰነብት፣ ሽፋኑ ከመሙያው ቀድሞ ይኮማተርና ይሰነጠቃል፤ ጣዕሙን የያዘው ዘይትም ይተናል። ሙቀቱ በዚያው ከቀጠለ በቅጠሉ ውስጥ የነበረው የትንባሆ ነቀዝ ዕንቁላል ይፈለፈላል። ማኅተሙ ግን እንደ ታተመ ነው፤ ሣጥኑም አልተጫረም።

ይህን ያነበበ ነጋዴ ሲጋር አስመጥቶ መሸጥ ያስበው ይሆናል። የትንባሆ ንግድ በአገራችን ከ1934 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሞኖፖል ሲሠራበት የኖረ መሆኑን፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥን፣ በሕዝብ መሰብሰቢያና በሥራ ቦታ ቤት ውስጥ ማጨስን መከልከሉን፣ በማሸጊያውም ላይ 70 በመቶውን የሚሸፍን የጤና ማስጠንቀቂያ ማዘዙን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ሲጋር ጭሱ ስለማይዋጥ አይጐዳም የሚሉም ተሳስተዋል፤ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ያመጣል። መሐንዲሱ ራሳቸው በወር ከአንድ አያልፉም፤ ይህን የወሰኑላቸው ሐኪማቸው ናቸው።

ሲጋሮቹን ለማዳን መሐንዲሱ የተጣራ ውሃ የነካ ስፖንጅና የእርጥበት መለኪያ ያለበት፣ ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ አዘጋጁ፤ እርጥበቱንም በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ከፍ አደረጉ። በአንድ ጊዜ ቢያርሷቸው ኖሮ የቀሩትም ይፈነዱ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ አስተላላፊውን እንደ ገና ጠሩት፤ አሁን ግን ምሳ አብልተው ነው።

ሁለተኛው ሲጋር በጣት ሲጫኑት ለስልሶ የሚመለስ ነበር። በደቂቃ አንድ ጊዜ ያህል ብቻ እንዲስብ ነገሩት፤ በመካከሉም እንዲጠብቅ። በመጀመሪያ እንደ ተቈላ ለውዝ፣ ቈይቶም ተለፍቶ እንዳለቀ ቆዳ ሸተተው፤ ለሞጆ ሰው ደግሞ የቆዳ ሽታ እንግዳ አይደለም። ዐመዱ ነጣ ብሎ የአውራ ጣት ቁመት እስኪያህል ሳይወድቅ ቆየ። እየቀረበ ሲሄድ ጣዕሙ በረታ፤ በመሙያው መካከል የሚገባው ወፍራም ቅጠል ጉልበቱን የሚያሳየው ወደ ፍጻሜው ነውና። ነገሩ ሁሉ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ፤ በዚያም አንድ ሰዓት ውስጥ ከመቀመጥ በቀር የሚሠራ አልነበረም።

ሲጋሩ እኩሌታው ላይ ሲደርስ አስተላላፊው ድንገት ስለ ወረቀቱ ተናገረ። «ጋሼ፣ ተራው አልበዛም ነበር። ያስቀረሁት ሰነድ ነበረ፤ አምስቱም ሳምንት የእኔ ነው።»

መሐንዲሱ ዐመዱን በቀስታ አራገፉ። «ዐውቄ ነበር፤ የተሟላው ሰነድ የቀረበበት ቀን በዲክላራሲዮኑ ላይ ተጽፏል» አሉት። ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ነገር አወሩ።

ከሣጥኑ ውስጥ ዘጠኙ አልዳኑም። አስተላላፊው ከዚያ ወዲህ ሲጋር አልደገመም፤ ደንበኞቹ በሚሞሉት ቅጽ ላይ ግን «ሙቀት ወይም ድርቀት የሚጐዳው ዕቃ አለበትን?» የሚል አንድ መስመር ጨምሯል። ባለፈው ወር መድኃኒት ያስመጣ አንድ ነጋዴ በዚያ መስመር ላይ «አለበት» ብሎ ጻፈ፤ ወረቀቶቹም መርከቡ ጅቡቲ ሳይደርስ ተሟልተው ቀረቡ።