የአረም መድኃኒትና የሙዝ ማሳ፦ ተረትና እውነታ

ከአባያ ሐይቅ በስተ ምዕራብ፣ የሐሬ ወንዝ በመስኖ እየተከፈለ የጫኖን ሜዳ ሙዝና ማንጎ በሚያጠጣበት አገር፣ ስለ አረም መድኃኒት ካፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ ተረት አለ፤ ይኸውም ቁመቱ የረዘመ፣ ግንዱ የወፈረ ተክል ሰርዶን ለሚገድል መጠን አይበገርም የሚል ነው።

ነገር ግን በ1974 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ግላይፎሴት የተባለው የአረም መድኃኒት ዕፀዋት የሚያድጉባቸውን ሦስት አሚኖ አሲዶች እንዳይሠሩ የሚከለክል በመሆኑ፣ በባሕርዩ አረሙን ከፍሬው አይለይም፤ የሚለየው የረጪው እጅ ብቻ ነው። የጎለመሰ ማንጎ ቡናማ ቅርፊት አለው፤ የሙዝ ግንድ የምንለው ግን እንጨት ሳይሆን እርስ በርሱ የተጠቀለለ የቅጠል መሠረት ስለሆነ የሚመክትለት ጋሻ የለውም። ይልቁንም ከእግሩ በበቀለው ቡቃያ ላይ ያረፈው መድኃኒት፣ ቡቃያውና እናቲቱ ከምድር በታች በአንድ ሥረ ግንድ የተያያዙ ናቸውና፣ ወደ እናቲቱ ይሻገራል፤ ከዚያም በኋላ የሚወጣው ቅጠል ጠቦና ገርጥቶ ሲታይ ገበሬው በበሽታ ያሳብባል።

ሁለተኛው ተረት «ካልሠራ እጥፍ ጨምር» የሚለው ነው፤ በእኔ ግምት ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። የአባያን ውኃ ያየ ሁሉ ቀላ ያለ ቡናማ መልኩ ከደለል ብዛት መሆኑን ያውቃል፤ በክረምትም የቦዩ ውኃ እንዲሁ ይደፈርሳል። ግላይፎሴት ደግሞ ከሸክላ አፈር ጋር ተጣብቆ የሚቀር ነውና፣ በድፍርስ ውኃ የተበጠበጠው ቅጠል ሳይነካ ኃይሉን ያጣል። ገበሬውም መድኃኒቱ ደከመ ብሎ በቆርቆሮ የሚለካውን እጥፍ ያደርጋል፤ ልማዱም ውኃው በጠራ ጊዜ ሳይቀር ይጸናበታል። ያን ጊዜ የሰርዶው ቅጠል ፈጥኖ ይቃጠላል፤ የተቃጠለ ቅጠልም መድኃኒቱን ወደ ሥር በሚገባ አያወርድምና፣ ሰርዶው ከምድር በታች ካለው አካሉ ዳግመኛ ሲያቆጠቁጥ፣ በሙዙ ላይ የተረጨው ግን እጥፍ ሆኖ ይቀራል።

ጥቂት አይጎዳም ማለትም ስሕተት ነው። በጎረቤት በቆሎ ላይ የተረጨው ቱፎርዲ የተባለ ሌላ የአረም መድኃኒት ነፋስ ያመጣው ቅንጣት ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ቅንጨ አረምን እንኳ ሳይገድል የፓፓያውን ቅጠል ያጣምማል።

ስለዚህ ገበሬ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ መድኃኒቱን በጠራ ውኃ በጥብጡ፤ መጠኑን በእሽጉ ላይ እንደ ተጻፈው ለኩ፤ ነፋስ በሌለበት ማለዳ ርጩ፤ በሙዙ እግር ዙሪያ ያለውን አረም ግን ለመኮትኮቻ ተዉት።