ከግርግም እስከ ባዶው መቃብር
የጌታችን ሕይወት በድምፅ አልባው ሲኒማ



ሰሙነ ሕማማቱን በጾም፣ በጸሎትና በስግደት የሰነበተው ምእመን ቅዳሜ ቀጤማውን በራሱ ላይ አስሮ፣ ሌሊቱን በቅዳሴ አድሮ፣ እነሆ ዛሬ ከቤተሰቡ ጋር በማዕድ ዙሪያ ተሰብስቧል። ከማዕዱ በኋላ በብዙ ቤት ቴሌቪዥን ይከፈትና የጌታን ሕማማትና ትንሣኤ የሚተርክ ፊልም ይታያል። በዚህ ጊዜ ከልጆች መካከል አንዱ ወደ ወላጆቹ ዞር ብሎ «ጌታ እንዲህ ነው የሚመስለው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ጥያቄው የሕፃን ይሁን እንጂ ቀላል አይደለም። ሲኒማ ገና አፉን ሳይፈታ፣ ተዋንያኑ ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ ድምፃቸው በማይሰማበት ዘመን፣ የፊልም ሰዎችን እጅግ ያስጨነቀው ይኸው ጥያቄ ነበር። ሟች ሰው የአምላክን መልክ ለብሶ በካሜራ ፊት መቆም ይገባዋልን? በዛሬው የበዓል ገጻችን ለዚህ ጥያቄ ሦስት የተለያዩ መልሶች የሰጡ ሦስት ድምፅ አልባ ፊልሞችን እንመለከታለን። ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥርጣሬ የበዛበት ጅምር

ሲኒማ በተወለደበት ዘመን ብዙዎች በጥርጣሬ ዓይን ይመለከቱት ነበር። በሀገራችን በአዲስ አበባ የተከፈተው የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት በሕዝቡ ዘንድ «ሰይጣን ቤት» እየተባለ ይጠራ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ጥርጣሬው የእኛ ሰው ብቻ አልነበረም። በእንግሊዝ ሀገር በ1912 የተቋቋመው የፊልም መርማሪ ቦርድ ሥራውን ሲጀምር ካጸናቸው ሁለት ክልከላዎች አንደኛው የሰውን እርቃን ማሳየት ሲሆን፣ ሁለተኛው ክርስቶስን በተዋናይ አካል ማሳየት ነበር። ድፍረቱ የቱን ያህል ከባድ ሆኖ ይታይ እንደ ነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ወደ ቅድስት ሀገር የተጓዘው ቡድን

የመጀመሪያው ፊልም «ከግርግም እስከ መስቀል» ይባላል። ያዘጋጀው ሲድኒ ኦልኮት ሲሆን፣ ካሌም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1912 አሠርቶታል። ድርሰቱን የጻፈችው ጂን ጎንቲየር ራሷ የእመቤታችንን ቦታ ይዛ ተጫውታለች፤ የጌታን ቦታ የያዘው ሮበርት ሄንደርሰን ብላንድ የተባለ እንግሊዛዊ ተዋናይ ነበር።

ሌሎች ፊልም ሠሪዎች ኢየሩሳሌምን ከእንጨትና ከሸራ በሚሠሩበት ዘመን፣ ይህ ቡድን ካሜራውን ተሸክሞ ወደ ግብፅና ወደ ፍልስጥኤም ምድር ተጓዘ። ቅድስት ቤተሰብ ከሄሮድስ ሰይፍ ሸሽታ በግብፅ በረሃ ስታርፍ የሚያሳየው ክፍል የተነሣው በእውነተኛው የግብፅ አሸዋ ላይ፣ ከጥንታዊው የሰፊንክስ ሐውልት አጠገብ ነው። የእመቤታችንን ስደት በየዓመቱ በማሕሌትና በጾም ለሚያስብ የኢትዮጵያ ምእመን ይህ ሥዕል ልብ የሚነካ ነው። በሌላ ክፍል ደግሞ ብላቴናው ኢየሱስ እንጨት ተሸክሞ ሲሄድ የእንጨቱ ጥላ በመሬት ላይ የመስቀል ቅርጽ ይሠራል። አንድም ቃል ሳይነገር ተመልካቹ የሚመጣውን ሁሉ ይረዳል።

አዘጋጁ ከራሱ ንግግር ፈጥሮ በጌታ አፍ አላስቀመጠም። በትዕይንቶቹ መካከል በመጋረጃው ላይ የሚነበበው ጽሑፍ የወንጌል ቃል ነው፤ ምዕራፉና ቁጥሩም ጭምር ተጠቅሷል። ፊልሙ በእንግሊዝ ሀገር ከመታየቱ በፊት በጋዜጦች ላይ የድፍረት ክስ ቢነሣበትም፣ በ1912 ለንደን ላይ ሲቀርብ ከተመልካቾቹ መካከል ብዙ የሃይማኖት አባቶች ይገኙበት ነበር። በ1998 ደግሞ በአሜሪካ ተጠብቀው ሊኖሩ ከሚገባቸው ብሔራዊ ፊልሞች መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

ነገር ግን ስሙ እንደሚናገረው ታሪኩ በመስቀሉ ላይ ያበቃል። ከስቅለት ወደ ትንሣኤ አይሻገርም።

እጁ ብቻ የታየው

ሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው ተቃራኒ ነው። አሜሪካዊው ጄኔራል ሊው ዋላስ በ1880 ያሳተመው «ቤን ሐር» የተባለው ልብ ወለድ በጌታችን ዘመን ስለ ነበረ አንድ አይሁዳዊ ወጣት ይተርካል። በ1899 ድርሰቱ ወደ ቴአትር ሲለወጥ ደራሲው ክርስቶስ በሰው እንዳይወከል በብርቱ ስለ ተቃወመ፣ በመድረኩ ላይ የጌታ መገኘት በብርሃን ጨረር ብቻ እንዲገለጥ ተደረገ።

በ1907 ከላይ የጠቀስነው የካሌም ኩባንያ በዚያው በኦልኮት አዘጋጅነት ከዚህ መጽሐፍ አጭር ፊልም ሠርቶ ነበር። ፈቃድ ሳይጠይቅ በመሥራቱ ተከሰሰ፤ በ1911 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደበት። ከዚያ ወዲህ ከመጽሐፍ ፊልም የሚሠራ ሁሉ የባለ መብቱን ፈቃድ የመጠየቅ ግዴታ አለበት።

ታላቁ «ቤን ሐር» ግን በ1925 መጨረሻ ላይ የታየው የሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ሥራ ነው። አዘጋጁ ፍሬድ ኒብሎ፣ ዋናው ተዋናይ ራሞን ኖቫሮ ነበሩ። ሥራው በጣልያን ተጀምሮ በብዙ ችግር ወደ ካሊፎርኒያ ተመለሰ፤ ወጪውም ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር ተጠጋ፤ በዚያ ዘመን ይህ እጅግ ታላቅ ገንዘብ ነው። የሠረገላው እሽቅድምድም በ42 ካሜራዎች መነሣቱ እስከ ዛሬ ይወራለታል።

እኛን የሚመለከተን ግን ሌላ ነው። በዚህ ሁሉ ግርማ መካከል የጌታ ፊት አንድ ጊዜም አይታይም። ቤን ሐር በሰንሰለት ታስሮ፣ በውኃ ጥም ተቃጥሎ በናዝሬት ሲያልፍ፣ ውኃ የሚያቀብለውን እጅ ብቻ እናያለን። በምሴተ ሐሙስ እራት ጊዜም ከፊት ለፊት የተቀመጠው ደቀ መዝሙር ጌታን ይሸፍነዋል። የልደቱ ትዕይንትና ሌሎች ጥቂት ክፍሎች በቀለም ተሠርተው ነበር፤ እነዚህ የቀለም ክፍሎች ለብዙ ዘመን ጠፍተው ኖረው በ1980ዎቹ በቼኮስሎቫኪያ የፊልም ቤተ መዛግብት ተገኝተዋል።

በዕውሯ ልጅ ዓይን

ሦስተኛውን መልስ የሰጠው ሴሲል ቢ. ደሚል ነው። በ1923 «ዐሠርቱ ትእዛዛት» የተባለውን ድምፅ አልባ ፊልም ሠርቶ ዝናን ያተረፈው ይህ አዘጋጅ፣ በ1927 የፋሲካ ሰሞን በኒውዮርክ ከተማ «የነገሥታት ንጉሥ» የተባለውን ፊልም አቀረበ። ከአንድ ወር በኋላም በሆሊውድ ታዋቂው የግራውማን ቻይናዊ ቴአትር የተመረቀው በዚሁ ፊልም ነው።

ደሚል የጌታን ፊት ለማሳየት ቆርጧል፤ ሆኖም በድንገት አላሳየውም። አንዲት ዕውር ልጅ በሌላ ብላቴና እጅ እየተመራች ወደ ጌታ ትቀርባለች። መጋረጃው እንደ እርሷ ዓይን ጨለማ ይሆናል፤ ቀስ በቀስ ብርሃን ይገባል፤ ብርሃኑ እየሰፋ ይሄድና በመጨረሻ ልጅቱ በሕይወቷ መጀመሪያ የምታየው ፊት፣ የጌታ ፊት፣ ይገለጣል። ተመልካቹም ከእርሷ ጋር የበራለት ያህል ይሰማዋል።

የጌታን ቦታ የያዘው ኤች. ቢ. ዋርነር በዚያን ጊዜ ከ50 ዓመት በላይ የሆነው እንግሊዛዊ ነበር። በቀረጻው ወራት ከሌሎች ተዋንያን ተለይቶ ብቻውን እንዲመገብና ወደ ሥራው ቦታ ፊቱን ተሸፍኖ እንዲሄድ ተደርጎ እንደ ነበር ይነገራል። የስቅለቱ ክፍል በ1926 የፈረንጆች ገና ዋዜማ ሲጠናቀቅ ደሚል ሠራተኛውን ሁሉ ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብሎ እንዲያስብ መጠየቁን በሕይወት ታሪኩ ተርኳል።

ይህ ፊልም ሌላ ከባድ ጉዳይም አስነሥቷል። ደሚል የሞቱን ጥፋት በሊቀ ካህናቱ በቀያፋ ላይ ብቻ ጥሎ፣ በፍጻሜው ቀያፋ ራሱ በደሉ የእርሱ እንጂ የሕዝቡ እንዳልሆነ ሲናዘዝ አሳይቷል። ሆኖም የአይሁድ ማኅበራት ሕዝባቸው የተሳለበትን መንገድ ተቃወሙ፤ በዚህም ምክንያት አንዳንድ ክፍሎች ተቆርጠዋል፣ ተለውጠዋልም። ተቃውሞው ልብ ሊባል ይገባዋል። ቤተ ክርስቲያናችን ጌታ በፈቃዱ ስለ አዳም ልጆች ሁሉ ኃጢአት እንደ ሞተ ታስተምራለች፤ እርሱ ራሱ በመስቀል ላይ ሆኖ ለሰቀሉት ምሕረትን ለምኗል። የሕማማቱን ፊልም ተመልክቶ በአንድ ሕዝብ ላይ ቂም ይዞ የሚነሣ ሰው ቢኖር፣ የተሰቀለው ስለ ማን እንደ ሆነ ገና አልተረዳም።

ሥዕለ አድኅኖና ተዋናይ

እንግዲህ ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። የሀገራችን ሠዓሊያን የጌታን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ፊት ሙሉ አድርገው ከሁለት ዓይን ጋር ይሥላሉ፤ የክፉዎችን ፊት ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ያሳያሉ። የእሾህ አክሊል የደፋውን ጌታ የሚያሳየውን «ኵርዓተ ርእሱ» የተባለውን ሥዕል የጎንደር ነገሥታት ወደ ዘመቻ ሲወጡ ያስከትሉት ነበር። ሥዕለ አድኅኖ የአንድን ሠፈርተኛ መልክ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አይደለም፤ በፊቱ የምንጸልየው ልባችንን ወደ ባለቤቱ እንዲያደርስልን ነው።

ተዋናይ ግን ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን ይሆናል። በ1927 በዕውሯ ልጅ ዓይን ውስጥ የበራው የዋርነር ፊት፣ በ1946 በአንድ ሌላ ዝነኛ ፊልም ውስጥ በልጁ ሞት አዝኖ የሰከረ፣ ከስካሩም የተነሣ በመድኃኒት ፈንታ መርዝ የቀመመ ባለ መድኃኒት ቤት ሆኖ ታይቷል። ተዋናዩ ሥራውን ሠራ እንጂ አልበደለም። ነገር ግን ሕፃን ልጅ የጌታን መልክ ከተዋናይ ፊት ጋር አጣብቆ ቢይዝ ምን ሊገጥመው እንደሚችል ከዚህ በላይ ግልጽ ምሳሌ አናገኝም።

ስለዚህ ወላጅ ፊልሙን ከልጁ ጋር ተቀምጦ ቢያይ፣ «ይህ ታሪኩን የሚያሳየን ሰው ነው፤ በፊቱ የምንጸልይበት ሥዕል በቤተ ክርስቲያን ነው» ብሎ ቢያስረዳው፣ ከዚያም ወንጌሉን ገልጦ ቢያነብለት መልካም ይመስለናል። በዚህ ረገድ የድምፅ አልባው ዘመን ፊልሞች አንድ ብልጫ አላቸው። ዛሬ ተዋናይ በራሱ ድምፅና በራሱ ቅላጼ የጌታን ቃል ይናገራል፤ በዚያ ዘመን ግን ቃሉ በመጋረጃው ላይ ተጽፎ ይቀርብ ስለ ነበር ተመልካቹ በልቡ ያነበው ነበር። በጲላጦስ ፊት ለክሱ መልስ ሳይሰጥ ዝም ያለውን ጌታ ለማሳየትም ዝምታው ተስማሚ ነበር።

ከ1912 እስከ 1929 በአሜሪካ ከተሠሩት ወደ 11 ሺህ የሚጠጉ ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች መካከል 70 በመቶ ያህሉ ፈጽሞ እንደ ጠፉ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ያወጣው ጥናት አመልክቷል። የተመለከትናቸው ሦስቱ ከጥፋት ተርፈው ዛሬም ይታያሉ።

በመጨረሻ ስለ ዛሬው በዓል አንድ ነገር እናንሣ። የ1912ቱ ፊልም በመስቀሉ ላይ አብቅቶ ነበር። «የነገሥታት ንጉሥ» ግን እስከ ባዶው መቃብር ይሄዳል። በመክፈቻው ካለው ክፍል በቀር ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ሲጓዝ ይቆይና ድንጋዩ ሲንከባለል በድንገት ቀለም ይለብሳል። ሰማይ፣ አበባና ልብስ ሁሉም በየመልኩ ይፈካል። ያ ድምፅ የሌለው ሲኒማ ትንሣኤን በቃል ሊያውጅ ስላልቻለ በብርሃንና በቀለም አወጀው። ጥቁር ለብሶ፣ ሰላምታ መለዋወጥን እንኳ ትቶ ሳምንቱን የሰነበተው፣ ዛሬ ነጭ ለብሶ እልል የሚለው ምእመናችን ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

መልካም የትንሣኤ በዓል ይሁንላችሁ።