ከአገሩ በፊት ፈቃዱ፦ ሰው አገር ለመክረም የሚያስብ ምን ይመርጣል?

ማሌዥያ በ2002 «ማሌዥያ ሁለተኛ ቤቴ» የተባለውን ፕሮግራም ስትከፍት ለውጭ ዜጎች ያቀረበችው ግብዣ ቀላልና ማራኪ ነበር (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የተወሰነ ገንዘብ በአገሪቱ ባንክ አስቀምጡ፣ ከውጭ በየወሩ ገቢ እንዳላችሁ አሳዩ፣ 10 ዓመት ኑሩ፤ ሲያልቅም ይታደሳል። ብዙዎች ግብዣውን ተቀብለው ፔናንግና ኳላ ላምፑር ላይ አፓርታማ ገዙ። በኦገስት 2021 ግን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ አዲስ ደንብ አወጣ። 10,000 ሪንጊት የነበረው የወር ገቢ መመዘኛ 40,000 ሆነ፣ ተቀማጩ 1 ሚሊዮን ሪንጊት ደረሰ፣ የፈቃዱ ዕድሜ ወደ 5 ዓመት አጠረ። መጀመሪያ ላይ ነባሮቹም በአንድ ዓመት ውስጥ አዲሱን መመዘኛ እንዲያሟሉ ታስቦ ነበር። ጩኸቱ በረታ፤ የጆሆር ሱልጣን ሳይቀሩ ተቃወሙ፤ ሚኒስቴሩም ነባሮቹን ከአብዛኛው ግዴታ ነፃ አደረጋቸው። በ2024 ደንቡ እንደገና ተከልሶ እንደ ተቀማጩ መጠን ብር፣ ወርቅና ፕላቲነም የሚባል ደረጃ ወጣለት።

የሚኖርበትን አገር የሚያማርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠያይቀው ስለ አየሩ፣ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ ሐኪም ቤቱ ነው። መጠየቁ አይከፋም። ነገር ግን ፔናንግ ምንም ሳትለወጥ፣ ባሕሩም ገበያውም እንዳለ ሆኖ፣ የነዋሪው ኑሮ በአንድ መግለጫ ተናጋ። ስለዚህ ከአገሩ በፊት የሚመረጠው የመኖሪያ ፈቃዱ ነው ባይ ነኝ። ፈቃዱ የቆመው በአሠሪ ነው፣ በባንክ ሒሳብ ነው፣ በትዳር ነው ወይስ በትውልድ? የቆመበት ነገር ሲወድቅ ምን ይተርፋል? ዓመታት ሲጠራቀሙስ ወደ ቋሚ ነዋሪነት ያደርሳል ወይስ ሁልጊዜ ከ«ሀ» ያስጀምራል?

ሁልጊዜ ከ«ሀ» የሚያስጀምረውን ዓይነት የእኛ ሰው ጠንቅቆ ያውቀዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሠራተኛ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የተንጠለጠለው «ከፊል» በሚባለው ዋስ አሠሪ ላይ ነው። ሥራው ሲያበቃ ፈቃዱም ያበቃል፤ ጅዳ 20 ዓመት የሠራውም አምና የገባውም በዚህ አይለያዩም። ኳታር በ2020 አሠሪን ሳያስፈቅዱ ሥራ መቀየርን ፈቅዳለች፣ ሳዑዲ ዓረቢያም በ2021 ደንቧን አላልታለች። የሳዑዲው ማሻሻያ ግን የቤት ሠራተኞችን አልጨመረም፤ ከኢትዮጵያ የሚሄዱት ሴቶች አብዛኞቹ ደግሞ የቤት ሠራተኞች ናቸው። ወረቀት ያልነበራቸው የደረሰባቸውን እናስታውሳለን፤ ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተመልሰዋል። ወረቀት የነበራቸውስ? ከ2017 አጋማሽ ጀምሮ ባለኢቃማ የሆነ ሁሉ ለእያንዳንዱ የቤተሰቡ አባል በወር 100 ሪያል እንዲከፍል ታዘዘ። ክፍያው በየዓመቱ 100 እየጨመረ በ2020 400 ደረሰ። ሚስትና ሦስት ልጆች ላሉት ሰው ይህ በወር 1,600 ሪያል ማለት ነው። ብዙዎች ቤተሰባቸውን ወደየአገራቸው ልከው ብቻቸውን ቀሩ። ያችው ሳዑዲ በ2019 «ከፊል» የማያስፈልገው «ልዩ ነዋሪነት» አውጥታለች፤ ዋጋው ለዘለቄታው 800,000፣ ለአንድ ዓመት 100,000 ሪያል። በዕድሜ ልክ ጉልበት ያልተገኘው በአንድ ቼክ ተገኘ።

ታይላንድ የጡረተኞች አገር ተብላ ትታወቃለች። ዕድሜው 50 የሞላው የውጭ ዜጋ 800,000 ባት በታይ ባንክ ካስቀመጠ፣ ወይም በወር 65,000 ባት ገቢ ካሳየ፣ የአንድ ዓመት ፈቃድ ያገኛል። በየዓመቱ ያድሳል፤ በየ90 ቀኑ የት እንደሚኖር ያሳውቃል። መሬት በስሙ መያዝ አይችልም፤ አፓርታማ ይችላል፣ ያውም የውጭ ዜጎች ድርሻ ከሕንፃው 49 በመቶ እስካላለፈ። በዚህ መንገድ 25 ዓመት የኖረ ፈረንጅ በሕግ ዓይን 25 ጊዜ የታደሰ እንግዳ ነው። የሚስማማው አለ። ጡረታው በየወሩ የሚገባለት፣ ታይላንዳዊ የመሆን ሐሳብም የሌለው ሰው ምን ጎደለበት? ገንዘቡ ሲያልቅና ጤናው ሲታወክ ግን የሚያባብለው ደንብ የለም።

በሌላው ጫፍ ዓመታትን ቆጥረው ወደ ቋሚነት የሚያሸጋግሩ አገሮች አሉ፤ ከእነሱ ብዙ የተወራላት ፖርቱጋል ናት። ዲ7 በሚባለው ቪዛ ከሥራ ያልመጣ ቋሚ ገቢ ያለው ሰው፣ ለምሳሌ ጡረተኛ፣ ገቢው የአገሪቱን ዝቅተኛ ደመወዝ ካከለ ሊያመለክት ይችላል፤ ያ ደመወዝ በ2025 በወር 870 ዩሮ ነበር። ከ5 ዓመት በኋላ ቋሚ ነዋሪነት፣ ፖርቱጋልኛውን ለቻለበትም ዜግነት ይከተል ነበር። ባለገንዘቡ ደግሞ ከ2012 ጀምሮ ቤት ገዝቶ ጎልደን ቪዛ በሚባለው የባለሀብት ፈቃድ ይገባ ነበር። በዚያ ላይ በ2009 የተጀመረ የግብር ማበረታቻ ነበረና የውጭ ጡረተኛ ለዓመታት ከጡረታው ቤሳ ቤስቲን አይከፍልም ነበር። ከዚያ የሊዝበን የቤት ኪራይ ጣሪያ ነካ። በ2023 ቤት በመግዛት የሚገኘው ጎልደን ቪዛ ተዘጋ፤ የግብር ማበረታቻው ከ2024 ወዲህ ለአዲስ መጪዎች በሌላ ጠባብ ደንብ ተተካ። ፈቃድ የሚሰጠው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ፈርሶ ተተኪው ሲቋቋም በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ማመልከቻ ተከምሮ ጠበቀው። መንግሥት በ2025 የዜግነቱን የ5 ዓመት ጥበቃ ለአብዛኛው አመልካች 10 ለማድረግ ሕግ አቀረበ።

ታዲያ አንባቢ በፖርቱጋል ላይ እንዳይፈርድ። ከሊዝበን ማእከል በኪራይ የተገፋ መምህር ድምፅ ይሰጣል፤ የውጭው ጡረተኛ አይሰጥም። ስፔንም በኤፕሪል 2025 ጎልደን ቪዛዋን ዘግታለች። ባርሴሎና ውስጥ በ2024 ሰልፈኞች ቱሪስቶችን በውኃ ሽጉጥ ሲረጩ፣ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ በ2025 ሰልፈኞች ቤት ኪራይ አስወደዱ ባሏቸው የውጭ ሰዎች ላይ ሲጮኹ ታይተዋል። የውጭ ዜጎችን ለዶላራቸው ሲል የጋበዘ መንግሥት ዶላሩ የገዛ ዜጎቹን ሲያፈናቅል ፖሊሲውን መልሶ ቢያጥፍ አይደንቅም። ርካሽ ነው ተብሎ ስሙ የገነነ ከተማ ርካሽነቱ ብዙ ዓመት አይቆይም፤ ይህን አስቀድሞ ማስላት የመጪው ፋንታ ነው።

የሚለወጠው የሚሄዱበት አገር ደንብ ብቻም አይደለም። ፊንላንድ ጡረተኞቿ ፖርቱጋል እየሄዱ ለማንም ግብር አለመክፈላቸው ስላናደዳት ከ2019 ጀምሮ የግብር ስምምነቱን አፈረሰችው፤ ስዊድንም ተከተለቻት። ከአሜሪካ የሚወጣ ሰው ከዚህም በላይ የሚያስበው አለው። የአሜሪካ ዜጋ የትም ቢኖር የገቢ መግለጫውን ለአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ ማቅረብ አለበት። በሥራ ዘመኑ የከፈለበት የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ዜጋ ከሆነ በአብዛኛው አገር ይደርሰዋል፤ ሜዲኬር ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በስተቀር ውጭ ለታከመበት አይከፍልም። ኤስኤስአይ የሚባለው ድጎማ ደግሞ ተቀባዩ 30 ተከታታይ ቀን ከአገር ከወጣ ይቋረጣል፤ ተመልሶም 30 ቀን እስኪቀመጥ አይቀጥልም። ልጆቻቸው ወደ አሜሪካ የወሰዷቸው እናቶችና አባቶች ክረምቱን አዲስ አበባ ላሳልፍ ሲሉ ልጆቹ ቀን የሚቆጥሩት ለዚህ ነው። ግሪን ካርድ ይዞ ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ የከረመም፣ አስቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ ካላወጣ፣ ነዋሪነቱን እንደተወ ሊቆጠርበት ይችላል።

ወደ አገር ቤት ለመመለስ ለሚያስብ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ያለው ወረቀት «ቢጫ ካርድ» የሚባለው የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ ነው። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትቀበል የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው በሕግ የውጭ ዜጋ ነው። በ2002 የወጣው አዋጅ ቁጥር 270/1994 (በቁጥሩ ያለው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ለዚህ ሰው ያለ ቪዛ መግባትን፣ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራትን፣ ቤት መያዝን ፈቀደ፤ መምረጥና መመረጥን፣ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥራትን ከለከለ። ካርዱ የቆመው በትውልድ ላይ ነው፤ ሥራ ቢጠፋ፣ ተቀማጭ ቢያልቅ አይነጠቅም። ከላይ ካየናቸው ጋር ሲነጻጸር ጠንካራ ፈቃድ ነው፤ ብዙ የሚታማበትን ያህል የሚመሰገንበትም አለው።

ትውልድ የሌለው እንግዳ እኛ ዘንድ ምን እንደሚገጥመው ሻሸመኔ ትመሰክራለች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ የምዕራቡ ዓለም ጥቁሮች በ1948 አምስት ጋሻ መሬት ሰጡ። ከ1960ዎቹ ወዲህ ከጃማይካና ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ራስ ተፈሪያውያን ሰፈሩበት። በ1975 ደርግ የገጠር መሬትን ሲወርስ የንጉሡ ስጦታም አብሮ ተወረሰ፤ ሰፋሪዎቹ የቀራቸው ጥቂቱ ነው። መሬቱ ከሄደ በኋላም ዜግነት አልነበራቸውም፣ ብዙዎቹ የታደሰ ፓስፖርት አልነበራቸውም፣ ጃማይካን አይተዋት የማያውቁ ልጆችም እዚያው ተወልደው ያለ ወረቀት አደጉ። መንግሥት መታወቂያ እንደሚሰጣቸው ያስታወቀው በ2017 ነበር። መታወቂያው ያለ ቪዛ መኖርን ፈቀደላቸው፤ ዜግነት ግን አልሰጣቸውም።